ባየችና የመጋዘኗ ድመት

ወረታ ላይ ባየችን የማያውቅ አልነበረም፤ ቆም ብሎ ሰላም የሚላት ግን ጥቂት ነበር። ባሏ ቢሻው በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤቱ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ እሷም ቃሏን ቆጥባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ገበሬው በኮታ የሚያስገባው እህል የሚከማችበትን መጋዘን እየጠረገች ትኖር ነበር።

በግቢው ውስጥ አንዲት ቡራቡሬ ድመት ነበረች። ባለቤት የላትም፤ ሰው ስታይ ተፈትልካ ትጠፋለች። ባየች መጀመሪያ ሰሞን ላለማምዳት ብላ እጇን ብትሰድ ክፉኛ ቧጠጠቻት። ቁስሏን እያጠበች ስታስበው ነገሩ ገባት፤ ይቺ ፍጥረት ፈርታ እንጂ ክፉ ሆና አይደለም። ፍርሃትን ደግሞ ባየች አሳምራ ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ ዓሣ ከሚሸጡት ሴቶች የተጣለ ጭንቅላት እየለመነች ከአጥሩ ሥር ታስቀምጥላትና ዘወር ትላለች።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ ድመቷ ከማሽላው ክምር ጀርባ ወለደች። ባየች አጮልቃ አየቻቸው፤ አራት ናቸው። እናታቸው በሌለችበት ሲጮኹ ብትሰማም አልነካቻቸውም። ሰው የደረሰበትን ጎሬ ድመት አታምነውም፤ ልጆቿን አንጠልጥላ ትሰደዳለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ እህሉ ነቅዟል ተብሎ ከአውራጃው መኪና መጣ። ደሳለው የሚባለው መርዝ አጫሽ የመርዝ ቆርቆሮዎቹን አወረደ።

«ሰው ሁሉ ይውጣ! መርዙ ከተቀመጠ በኋላ በሩ በጭቃ ይመረጋል። እኔ ተመልሼ እስክመጣ ማንም አይከፍትም።»

ባየች ይህን ስትሰማ ወደ መጋዘኑ ኃላፊ ጠጋ አለች።

«አቶ አምባው፣ ውስጥ ድመት ወልዳለች። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ሰው መግባቱን ካሸተተች ራሷ ታወጣቸዋለች።»

አምባው ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ሴትዮ፣ የማን ሚስት እንደሆንሽ ሰው የረሳ መሰለሽ? የመንግሥት እህል በነቀዝ እያለቀ ሥራ አስቆመች ቢባል፣ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። አሻጥር ነው ስሙ። ቢሻውንም የወሰዱት በዚሁ ቃል ነበር። ቢሆንም ከበሩ ላይ አልተነቃነቀችም።

«እዚያው ቢሞቱ ከክምሩ ሥር ይበሰብሳሉ፤ እህሉም ይገማል። ያን ጊዜስ የሚጠየቀው ማነው?»

ደሳለው ጣልቃ ገባ። «እውነቷን ነው፤ እንዲያ ሆኖ አይቻለሁ። ጭቃው እስኪቦካ እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

ባየች ሮጠች። ከመጋዘኑ ጀርባ ጭስ ካየ የቆየ ማድቤት አለ። ድመቷ ልጆቿን እንድታዛውርበት ጨለም ያለው ጥግ ላይ አሮጌ ጆንያ አነጠፈች፤ የዓሣ ጭንቅላት አኖረችበት። ተመልሳ ሰዎቹን ከመኪናው ኋላ አስጠለለቻቸው። «በሞቴ፣ ዝም በሉ። ሰው ካየች አትመጣም።»

ጭቃውን የሚያቦካው ሰውዬ እዚያው ከመኪናው ኋላ ጭድ እየጨመረ ይረግጣል። ድመቷ ከአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ማድቤቱን አሸተተች፤ ወጣች፤ ወደ መጋዘኑ ገባች። ቆየች። በኋላ አንዱን ግልገል በማጅራቱ ነክሳ ግቢውን አቋረጠች። ሁለተኛው ተከተለ፤ ከዚያ ሦስተኛው። ለአራተኛው ስትመለስ አካፋ ከድንጋይ ጋር ተጋጨና ጮኸ። ድመቷ በአጥሩ ላይ ተወርውራ ጠፋች።

«ቦክቷል!» አለ ሰውዬው።

«በቃ፣ መርዙ ይግባና ይዘጋ!» አለ አምባው።

«አንድ ቀርቷል» አለች ባየች። ማንንም ሳታስፈቅድ ገባች።

ግልገሉ በማሽላው ጆንያና በግድግዳው መካከል ተሰንቅሯል፤ ድምፁ እየሰለለ ነው። እጇን ብትሰድ አልደርስ አላት። ጆንያውን ብትገፋው ፍንክች አላለም። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ጎትተው ሊያወጧት የመጡ መስሏት ዐይኗን ጨፈነች። የመጣው ግን አምባው ብቻ ነበር። ትከሻውን አስደግፎ ጆንያውን ገፋው። ባየችም ግልገሉን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወጣች።

ከወንድሞቹ መካከል አስቀምጣው ራቀች። ደሳለው መርዙን አስቀምጦ ወጣ፤ በሩ ተመረገ፤ መኪናውም ሄደ። ድመቷ ግን የለችም። ግልገሎቹ ይጮኻሉ፤ ባየች ልታቅፋቸው እየቃጣት ከሩቅ ተቀምጣ እጇን ታፋትጋለች። ደንግጣ ጭራሽ ብትቀርስ? ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ግቢው ጭር ሲል ነው ያቺ ቡራቡሬ ከአጥሩ ዘላ የወረደችው። ወደ ማድቤቱ ሾልካ ገባች፤ ወዲያው ጩኸቱ ተቋረጠ። ባየች ያን ጊዜ እንባዋን ለቀቀችው።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በቀበሌ ስብሰባ ለሂስና ግለ ሂስ አቆሟት። ሰብሳቢው «ማን ፈቅዶልሽ ነው ሥራ ያስቆምሽው?» አላት።

«እኔ ነኝ የፈቀድኩላት» አለ አምባው ከመቀመጫው ተነሥቶ። በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መነሣት ቀላል አልነበረም። ሁለቱም ተገሥጸው ወጡ። መንገድ ላይ ባየች «እግዜር ይስጥልኝ» ብትለው፣ «ዝም ብለሽ ሂጂ» ብሎ አልፏት ሄደ።

ግልገሎቹ ዓሣ መላስ ሲጀምሩ ባየች በየዕለቱ አጠገባቸው እየተቀመጠች ከእጇ አጎረሰቻቸው። ሲለምዷት ሁለቱን፣ አይጥ የዳዊት መጽሐፋቸውን ለሚበላባቸው በአቅራቢያው ላሉ የይፋግ ካህናት ሰጠች፤ ሁለቱን ራሷ አሳደገች። እናታቸው ግን እስከ መጨረሻው አልተነካችም። ባየች ምግቡን አስቀምጣ ፊቷን ስታዞር ብቻ መጥታ ትበላ ነበር።