ገል የገባበት አፈር

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የቀረኝ አንድ ልኬት ብቻ ነበር። ደባርቅ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰጠኝ የጥናት ፈቃድ ሰኔ ላይ ያበቃል፤ እስከዚያ ካልጨረስኩ ያለ ዲግሪ ወደ ጠመኔዬ መመለስ ነው። የማጠናው የዳባትን ሸክላ አፈር ነበር። በአፈሩ ስስ ንብርብሮች መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ያንሳል፤ ውሃ የሚያጣራ ማሰሮ ይወጣው እንደሆነ የሚናገረው ግን እሱ ነው። ይህን ለማወቅ ኤክስሬይ ለቅቆ ጨረሩ እንዴት እንደሚበተን መለካት ያስፈልጋል። መሣሪያው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ብዙ ተቋማት በተራ ይገለገሉበታል።

ተራው መከራ ነበር። አንዴ ስደርስ መብራት ጠፋ፤ አንዴ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ጠበቀኝ። ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ተጨናንቄ ሄጄ፣ ሁለት ቀን ተጨናንቄ እመለሳለሁ። እንደገና ተመዝገብ ሲሉኝ ለመናደድ እንኳ አቅም አልነበረኝም፤ እሺ ብዬ ፈረምኩ።

አፈሩን ያስመጣሁት በእህቴ ነው። ዳባት ስለምትኖር፣ ጀበናና ድስት የሚሸጡላትን ሴትዮ «ከሚሠሩበት አፈር ትንሽ ይስጡኝ፤ ወንድሜ ይማርበታል» ብላ ጠይቃ በላስቲክ ቋጥራ ላከችልኝ። ለምን ራስህ አልሄድክም ላለኝ ሰው ጊዜ የለኝም እል ነበር። ውሸቴን ነው። ሰው የሚንቀው የሸክላ ሠሪ ደጅ ላይ የታየ መምህር የከተማው ወሬ ይሆናል፤ እኔም ወሬውን ፈራሁ።

በሦስተኛው ጉዞዬ መሣሪያው ሠራ። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን መስመር አይቶ፣ ናሙናውን ቀይሮ ደገመው። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ጥሬ አፈር ነው አላልከኝም?»

«ጥሬ ነው።»

«እሳት ያየ ነገር ተቀላቅሎበታል። ይሄን ጽፈህ ማንም አይቀበልህም።»

ቀጣዩ ክፍት ተራ መስከረም ላይ ነበር። መስከረም ለእኔ ምንም አይጠቅመኝም።

ስመለስ ዳባት ወረድኩና በቀጥታ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ልቆጣ ነበር አካሄዴ። ከደጃቸው ተቀምጠው የማሰሮ አንገት ያለሰልሳሉ፤ ሲያዩኝ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተነሡ። አፈሩን የላኩለት መምህር እኔ መሆኔን ነግሬ፣ ምን እንደጨመሩበት ጠየቅኋቸው።

«ገል ነዋ፣ መምህር። የተሰበረ ድስት ፈጭቼ፣ ነፍቼ፣ አዋህጄ ነው የሰጠሁ። ገል ያልገባበት እሳት ላይ ይሰነጠቃል።»

«ጥሬውን ነበር የፈለግሁት።»

«ለሰው ጥሬ አፈር ይሰጣል እንዴ?» አሉ፣ በእውነት ደንግጠው። «ያውም ለተማረ ሰው። ሁለት ቀን ነው የለፋሁበት።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ልኬቱ እንደተበላሸ፣ ፈቃዴም ከቀጣዩ ተራ በፊት እንደሚያልቅ ነገርኳቸው። አፈር ከሚቆፍሩበት ጉድጓድ ምንም ሳይቀላቅሉበት በቁና ዝቀው አመጡልኝ። አሁን ምንም እንደማያደርግልኝ ልነግራቸው አልቻልኩም፤ ተቀበልኩ።

«መጥተው ቢጠይቁኝ ያን ጊዜውኑ እነግርዎ ነበር» አሉኝ። «ቤቴ ይርቃል ወይ?»

ከእህቴ ቤት እሳቸው ዘንድ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።