ውሃ የተጠማች ታንኳ

ዛሬ ባሮ ወንዝ መሃል ላይ ከባለቤቴ ከአልማዝ እግር ሥር ውሃ ሽቅብ ሲፈልቅ አየሁ። እርጥብ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ነው የምጽፈው፤ የፊደል ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ።

ታንኳዋን በቅርቡ የገዛኋት ከጎረቤታችን ከጋሽ ኦኬሎ ነው። ጋምቤላ ክልል አሥራ ሁለት ትባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ዓሣ ሲያጠምዱባት ኖረዋል። ትንሽ ውሃ ታስገባ ነበር።

እኔ ከደጋ የመጣሁ አስተማሪ የማውቀው እርጥብ እንጨት እንደሚበሰብስ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስገብቼ አደረቅኳት፤ ስንጥቆቿንም በሬንጅ ደፈንኩ። ሊስትሮ የነካት ጫማ መሰለች።

ዛሬ አልማዝን አሳፍሬ ወጣሁ፤ መሃል ስንደርስ ሬንጁ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሳ። አልማዝ በድስት ውሃ ታወጣለች፤ እኔ እቀዝፋለሁ። ሁለታችንም ዋና አንችልም። (አዎ፣ ታንኳ ከመግዛቴ በፊት ላስብበት ይገባ ነበር።)

"አትነቃነቅ!" ትለኛለች። ካልቀዘፍኩ እንዴት እንደርሳለን?

ዳር ላይ ግንድ የመሰለኝ ነገር ተንቀሳቅሶ ውሃ ውስጥ ገባ። የምንሄደው ደግሞ ወደዚያው ዳር ነው።

እንዴት እንደወጣን አላውቅም። ጋሽ ኦኬሎ ታንኳዋን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይ መምህር! ይሄ ውሃ የለመደ እንጨት ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ውሃ ውስጥ አስተኛው፤ ያብጥና ራሱ ይገጥማል።"

ድንጋይ ጭነን ዳር ላይ አሰጠምናት።

አልማዝ ታንኳዋ ስትሰጥም ቆማ አየች። "አሁን ገና ቦታዋን አገኘች" አለችና ወደ ቤት ሄደች።

እናንተስ፣ ልጠግን ብላችሁ የባሰ ያበላሻችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ እባካችሁ። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ ውሃ ይፈልቃል።