የዊልዳ ክሬስ የመጀመሪያ ሽጉጥ

በመጀመሪያ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን በዓይኗ አየች፤ ቀጥላ በጣቷ ዳሰሰች። ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ ነው። ጥይት የሚገባበትን ተሽከርካሪ ከበሮ ነቅላ ጨርቅ ላይ አኖረችው። የብረት ማሰሪያውን፣ የሞርሳውን ሁለት ከንፈር በቆዳ ቁራጭ አልብሳ ሽጉጡን አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጋ አሰረችው፤ እንዳይነቃነቅ ያህል እንጂ አላጠበቀችውም። ሁለት ጠብታ ዘይት ወደ ውስጥ አንጠባጠበች። ከዓሣ ማጥመጃ ሳጥኗ ያወጣችውን ድብልብል ለስላሳ የእርሳስ ብረት በአፈሙዙ አፍ ላይ አስቀምጣ በእንጨት መዶሻ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ቀዳዳው ያልተቀበለው ትርፍ እርሳስ እንደ ቀለበት ተላጠ። ከዚያ በነሐስ ዘንግ ቀስ እያለች ገፋችው። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ዘንጉን ያጣምማል፤ የተጣመመ ዘንግ ደግሞ የአፈሙዙን ውስጥ ይቧጭራል። እርሳሱ በወዲያኛው በኩል ጠብ ሲል በመዳፏ ተቀበለችው። የአፈሙዙ ጥምዝ ቦዮች ላዩ ላይ ታትመውበታል። ጠረገችው፣ ቅጥነት በሚለካው በማይክሮሜትሩ መንጋጋ ውስጥ አስገባችው፣ ሦስቴ ጠቅ እስኪል አዞረች።

ሦስት መቶ አሥራ አራት ሺህኛ ኢንች።

አዟዙራ ለካች፤ ያው ነው። ቀጥላ በገዛ እጇ አቅልጣ ካፈሰሰቻቸው የጥይት እርሳሶች አንዱን አንስታ ለካች። ሦስት መቶ አሥራ አንድ። ልዩነቱ ሦስት ሺህኛ፣ የአንድ ፀጉር ውፍረት ነው።

«አየሽ ዊልዳ» አለች ለራሷ። «አየሽ የሠራሽውን።»

ዊልዳ ክሬስ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። እዚህ በኦሃዮ ወንዝ ዳር በነበረው ጠርሙስ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው የጠርሙስ ፎርማ መለካት ነው። አዲስ ፎርማ ሲመጣ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አታምንም። አውጥታ ራሷ ትለካለች፤ ካልሆነላት ትመልሳለች። ፎርማ ሠሪዎቹ ስሟን ሲሰሙ ምሳቸው አይወርድላቸውም ነበር። ይህችው ሴት ናት እንግዲህ የራሷን ሽጉጥ አፈሙዝ ሳትለካ ሦስት ሳምንት የቆየችው። ምን ነካሽ ብዬ ስጠይቃት «ጓጓሁ» ብቻ ነው ያለችኝ።

የጓጓችው ለሽጉጡ አልነበረም። ለአራተኛው ቦታ ነው።

የተኩስ ክለባችን ያለው በድሮው ድንጋይ ማውጫ ውስጥ ነው። የተኩስ መስመሩ ላይ አሥር ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር የተቸነከረበት የእንጨት ጠረጴዛ አለው። ዊልዳ ሃያ ስድስት ዓመት አራተኛው ላይ ቆማ በጠመንጃ ተኩሳለች። ሦስተኛው የኦፓል ድሬክ ነው። ኦፓል ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት፤ ድምፅዋ አሁንም የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሲነካከሱ ካልሰማን ውድድሩ የተጀመረ አይመስለንም ነበር።

አምና በመከር ዊልዳ ከጣሪያ ላይ ቅጠል ስትጠርግ መሰላሉ ተንሸራተተና የቀኝ ትከሻዋ ጅማት ተበጠሰ። ሐኪሙ ሰፋላት። ሲያሰናብታት ግን በዚህ ትከሻ ላይ ከእንግዲህ ሰደፍ አይደገፍም አላት። በግራ ሞከረች፤ የግራ ዓይኗ ኢላማውን ሁለት አድርጎ አሳያት። ክለቡ ደግሞ ሕግ አለው፤ ዓመት ሙሉ ያልተኮሰ ሰው ቦታው ወረፋ ለሚጠብቅ ይሰጣል። የዊልዳ ዓመት የሚያልቀው በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር።

ያንን ክረምትና በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ አልመጣችም። ቤቷ ግን ከድንጋይ ማውጫው አንድ ኮረብታ ብቻ ነው የሚለየው። ነፋሱ ወደ እሷ ሲሆን ተኩሱ ይሰማታል። በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ በድምፁ ብቻ ማን እንደተኮሰ ትለይ ነበር። ይኼ የኦፓል ነው፣ ይኼ የወንድማማቾቹ ነው። ከሦስተኛው ቀጥሎ ግን የምትጠብቀው ድምፅ አይመጣም፤ የሚጎድለው የራሷ ነው።

የቀረላት መንገድ ሽጉጥ ነው። ሽጉጥ ትከሻ አይደገፍም፤ ሕጉም ጠመንጃ መሆን አለበት አይልም። በሽጉጥ አዲስ የሆነ ሰው ግን ከተደረደሩት ስድስት ክብ ብረቶች አምስቱን መጣል አለበት። መምታት አይበቃም፤ ብረቱ መውደቅ አለበት። ዊልዳ ደግሞ በዕድሜዋ ሽጉጥ ኖሯት አያውቅም።

በኦገስት መጨረሻ ስታርቸር የጦር መሣሪያ ሱቅ ገባች። ሃርለን ስታርቸር ሱቁን ከአባቱ የወረሰ፣ አርባ ዓመት የሞላው ወሬኛ ነው።

«ሚስ ዊልዳ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ብረት የሚጥል፣ እኔን የማይጥል።»

ዘጠኝ ሚሊ የሚባለውን ሽጉጥ አወጣላት። «ግማሹ አገር የያዘው ይሄን ነው። ጥይቱን ዳቦ ቤትም ያገኙታል።»

ከሱቁ ኋላ ባለው መተኮሻ አምስት ጥይት ሞከረች። አምስተኛው ላይ ሕመሙ ከክርኗ ተነስቶ የተሰፋው ቦታ ድረስ ወጣ። መለሰችለት።

«ሠላሳ ስምንት ይሻልዎታል እንግዲህ። ከበድ ይላል፣ ርግጫው ለስለስ ያለ ነው።»

«ዋጋው ያመኛል።»

«ሃያ ሁለትስ? ሕፃን ይተኩሰዋል። ርካሽ ነው።»

«ሃያ ሁለት ብረቱን ያንኳኳዋል እንጂ አይጥለውም፤ ልጄ፣ እኔ በር ላንኳኳ አይደለም የምሄደው።»

ስታርቸር ሳቀና ከመደርደሪያው ታች፣ ማንም ከማያይበት ጥግ፣ አንድ አሮጌ ስድስት ጎራሽ አወጣ። ጥቁረቱ እዚህም እዚያም ለቋል፤ እጀታው የዋልነት እንጨት ነው። በክር የታሰረበት ወረቀት ላይ በአባቱ እጅ አንድ መቶ ስልሳ ዶላር ተጽፏል፤ ከታቹም «ጥይቱ አይገኝም» ይላል።

«ይሄ ለግድግዳ ነው» አላት። «አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን የጥይት ዓይነት ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።»

ዊልዳም ሰምታ አታውቅም። ግን በእጇ ስትይዘው ልክክ አለላት። ምላጩን ባዶውን ስትስበው እንደ ጥሩ በር እጀታ ያለ ምንም ጉርብጥብጥ ነው የለቀቀው። ከቦርሳዋ መለኪያዋን፣ ካሊፐሯን አወጣች፤ ስታርቸር ያውቃታልና አልገረመውም። የከበሮውን ቀዳዳ አፍ ለካች፣ ጥልቀቱን ለካች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አሰበች። ባንኮኒው ላይ የተቀመጠውን የድሮ የጥይት ልክ መጽሐፍ ገልብጣ ጣቷን በሰንጠረዡ ላይ አወረደች። ነገሩ ገባት። ከመቶ ዓመት በፊት አንዱ ፋብሪካ ያወጣውን ጥይት ሌላው ወስዶ ሽጉጥ ሠራለት፤ የተቀናቃኙን ስም በራሱ አፈሙዝ ላይ መቅረጽ ስላልፈለገ ግን ሌላ ስም ሰጠው። ጥይቱ ያው የድሮው ረጅሙ ሠላሳ ሁለት ነው። ዛሬም ይሠራል፤ ለስላሳ ነው፤ እርሳሱንም ራሷ ልታፈስ ትችላለች።

ቅጹን ሞላች። ስታርቸር ስልክ ደውሎ የመንግሥት ማጣሪያውን መልስ እየጠበቀ ሳለ ዊልዳ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አድርጋ እጇን ከላዩ አላነሳችም።

«ከመክፈሌ በፊት ልንገርህ። የዚህ ጥይት ይገኛል።» መጽሐፉን አዙራ አሳየችው።

ስታርቸር አነበበ፣ ሽጉጡን አየ፣ ወረቀቱን አየ። «ከከፈሉ በኋላ ቢነግሩኝስ ምን ነበረበት?»

«እንቅልፍ አይወስደኝማ።»

«አሁን እኔን አይወስደኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ ይሄን ሽጉጥ ለሰው እያሳየሁ ስቄበታለሁ።» አገጩን አከከ። «ሃያ ዶላር ይጨምሩ፤ የሞኝነቴ ካሳ።»

«የሞኝነትህን እኔ ነኝ የምከፍለው?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ጨመረችለት።

በሳምንቱ ከሌላ ሰው የሠላሳ ሁለት ጥይት እርሳስ ማፍሰሻ ፎርማ ገዛች። ሳጥኑ ላይ ልኩ ተጽፏል፤ አመነችው። አቅልጣ አፈሰሰች፣ ጥይቱን አሰናዳች፣ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ፣ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ ማውጫው መጣች። ከኦፓል በቀር ማንም እንዳያያት ረቡዕን መርጣ ነው። እኔ የኢላማ ማቆሚያ ልጠግን ሄጄ አገኘኋቸው።

ኦፓል ሽጉጡን አየችና ሳቀች። «በዚህ አተር ነው ብረት የምትጥዪው?»

«አተሩን ስትውጪው ታዪዋለሽ።»

በወረቀት ጀመረች። በሃያ ያርድ አሥራ ሁለት ተኮሰች። ወረቀቱን ይዤ መጣሁ፤ ቀዳዳዎቹ እንደ ዶሮ ጥሬ ተበትነዋል። ከሁሉም የከፋው አምስቱ ክብ አለመሆናቸው ነው። እርሳሱ በአየር ላይ ተገልብጦ በጎኑ ነው የገባው፤ ወረቀቱ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ቅርጽ ትቷል።

ኦፓል ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ስትናገር ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «ዊልዳዬ፣ ትከሻው እንቢ ካለ እንቢ አለ ነው። ከእኔ ጋር ቁጭ በይና ነጥብ መዝግቢ። ቃሪያ ያለው የአጋዘን ሾርባ እሠራለሁ፣ ትበያለሽ፣ ትሰድቢኛለሽ። ያው ነው።»

«ያው አይደለም» አለች ዊልዳ። ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው ሞርሳው ፊት ቆማ መጀመሪያ የነገርኳችሁን የሠራችው። ትከሻዋ አልነበረም ጥፋተኛው። እርሳሱ ለአፈሙዙ ቀጠነ፤ ቦዮቹን ሳይዝ ሾልኮ ይወጣል፤ ያልያዘ እርሳስ አይሽከረከርም፤ ያልተሽከረከረ ይገለበጣል። የሻጩ ሳጥን ትክክል ነበር፤ አሮጌው አፈሙዝ ነው ከመጽሐፉ ሰፋ ያለው። አንድ ለስላሳ እርሳስና አሥር ደቂቃ ይህንን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይነግራት ነበር።

አዲስ ፎርማ ለማሠራት ሁለት ወር ይፈጃል። የነበራት ሁለት ሳምንት ተኩል ነው። የልብስ ማድረቂያ ማሽኗ የሙቅ አየር መውጫ ከተጠቀለለበት የአሉሚኒየም ፕላስተር ትራፊ ነበራት፤ ለካችው፣ ውፍረቱ ሦስት ሺህኛ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ቆርጣ ፎርማው ሲገጠም ግማሾቹ ከሚነካኩበት ፊት ላይ ለጠፈች። እንዲህ ሲሆን ፎርማው ያችን ፀጉር ያህል ሳይገጥም ይቀራል፤ የሚፈሰው እርሳስም በዚያው ልክ ይወፍራል። አፈሰሰች፣ አቀዘቀዘች፣ ለካች። መጀመሪያ አንዱ ወገን ወፈረ፤ ፕላስተሩን አንስታ እንደገና ለጠፈች። በአራተኛው ቀን ሦስት መቶ አሥራ አራት ተኩል አገኘች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ነው የለካችው፤ አንድ በአንድ፣ ሁለት መቶውንም።

የኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ብርድ ነበር። የሜፕሉ ዛፍ ቅጠል መስመሩ ላይ ይወርዳል። ዊልዳ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ዕቃዋን ዘረጋች። ኦፓል በቆሎ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

«አተሩን አመጣሽው?»

«አመጣሁት።»

«ወረቀትሽን ፍሬም አሠርቼ ሰቅዬዋለሁ።»

«ዛሬ አውርጂው።»

የተኩስ መስመሩ ኃላፊ «ዝግጁ» አለ። ዊልዳ ሁለት እጇን ዘረጋች። ከዚያ አንድ ነገር አደረገች፤ ያየነው ከአጠገቧ የነበርን ብቻ ነን። አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ ጉንጯን ለማስደገፍ ዝቅ አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ጉንጯ የሚያርፍበት እንጨት እዚያ ነበር። አሁን አየር ነው። ለአፍታ እንደዚያው ቆየች፤ ቀና አለች።

ትንሽ ጥይት ብረቱን መሃሉን ቢመታው ያወዛውዘዋል እንጂ አይጥለውም። ዊልዳ ያንን አስልታለች፤ ያነጣጠረችው ከላይኛው ጠርዝ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ፤ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ፣ እንደሚያስብ ሰው፣ ወደ ኋላ ሄደ። አራተኛውን ዝቅ ብላ መታችው፤ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ። ከዚህ በኋላ ሌላ ስህተት አይፈቀድላትም። ትንፋሿን አውጥታ ጠበቀች። አምስተኛው። ስድስተኛው።

«አምስት» አለ ኃላፊው። «አራተኛው ቦታ፣ ክሬስ።» መዝገቡን ዘጋ።

ኦፓል አቀፈቻት፣ ከዚያም ሦስተኛው ብረት ያዘነላት መሆኑን ነገረቻት። እስከ ምሳ ሲሰዳደቡ ዋሉ። ሁሉም እንደድሮው ሆነ ብዬ ነበር።

ዕቃ ስትሰበስብ ልረዳት ጠጋ አልኩ። ሽጉጡን ጠርጋ ሣጥኑ ውስጥ አስተኛችውና ክዳኑን ሳትዘጋ ቆየች።

«ጥሩ ሽጉጥ ነው» አለች። «ግን እዚያ ማዶ ነው የሚተኩሰው፣ ከክንዴ ጫፍ። ጠመንጃው እዚህ ነበር።» ጉንጯን ነካች። «ብርድ ሲሆን እንጨቱ መጀመሪያ ይቀዘቅዝሃል፣ ከዚያ ይሞቃል። በስንተኛው ጥይት እንደሚሞቅ አውቅ ነበር።»

ጠመንጃውን በጃንዋሪ መሸጧን ያኔ ነው የነገረችኝ። ሐኪሙ የመጨረሻውን ቃል በተናገረ በሳምንቱ ፓርከርስበርግ ከተማ ገበያ ወስዳ ስሙን ላልጠየቀችው ሰው ሰጠችው። ግድግዳ ላይ ሆኖ ሲያያት መቻል አቅቷት ነው።

«አንተ ትጽፋለህ አይደል?» አለችኝ። «ይሄን ጻፍልኝ።»

የሚያነቡኝ ሰዎች የት እንዳሉ እንኳ በደንብ አላውቅም አልኳት።

«ጠመንጃውም የት እንዳለ አይታወቅም» አለች።

ስለዚህ ቃሏን እንደተናገረችው አደርሳለሁ። ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው፤ በግራ በኩል ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ተፈግፍጎ ነጥቷል፤ የሰደፉን መሸፈኛ ብረት ብትፈቱት ከሥሩ በእርሳስ የተጻፉ ሃያ ስድስት ዓመተ ምሕረቶች አሉ። «ያገኘው ሰው አይመልስልኝ፤ ምንም አላደርግበትም። ሌላ ሰው በቃኝ ብሎ የሸጠው ጠመንጃ ያለውም ሰው ቢሆን ይስማኝ። ሜዳ ያውጣው፣ ይተኩስበት፣ ሲጨርስ ዘይት ይቀባው። ግድግዳ ላይ ግን አይስቀለው።»