የእናቴ ቁም ሳጥን ቁልፍ

ሆሳዕና ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ወር ርዕሰ መምህሩ "ከውጭ የመጣች ተመራማሪ ለተማሪዎቻችን ንግግር ታደርጋለች" ሲሉን፣ ማን እንደሆነች ተናግረው ሳይጨርሱ ሆዴ ነገረኝ። ከሀዲያ ገጠር፣ ከጊምቢቹ መጥታ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራይታ የተማረችው ጓደኛዬ ናት። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ገና በሀዲይኛ ሰላም ስትላቸው ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ከአባቴ ሱቅ ደንበኞች የለቃቀምኩት ሀዲይኛ ዛሬም ያስቃቸዋል። ከዚያ ሥራዋን አስረዳች። ጠጣር ነዳጅ ብዙውን ጊዜ እየነደደ ነው መንኮራኩር የሚገፋው፤ እሷና ባልደረቦቿ ግን ትንንሽ ቁራጮችን አንድ በአንድ እያፈነዱ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ምት ሊያስኬዱት ይሞክራሉ። ተማሪዎቼ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። እኔ ሳስተምር ግማሾቹ ያንቀላፋሉ።

ነገሩ እኮ የኔ ነበር። ለመስቀል ሰሞን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቀዳዳ ያለው ቁልፍ ውስጥ የክብሪት ራስ ፈቅፍቆ ይጠቀጥቃል፤ ምስማር ሰክቶበት፣ በሲባጎ አንጠልጥሎ ከግንብ ጋር ሲያላትመው ጧ ይላል። ክብሪቱን ከአባቴ ሱቅ፣ ቁልፉን ከእናቴ ቁም ሳጥን የማመጣው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ ጩኸቱን ሲወዱ፣ ቁልፉ በሲባጎው ላይ ወደ ኋላ እንደሚፈናጠር ያስተዋልኩትም እኔ ነኝ። "እዪ፣ ይገፋል" አልኳት ለዚህችው ጓደኛዬ። አንድ ቀን አብዝቼ ጠቀጠቅኩና ቁልፉ ተሰነጠቀ። እናቴ ገረፈችኝ፣ ተውኩት። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ ማብቂያው ሁልጊዜ "እናቴ ባትገርፈኝ ኖሮ" ነው።

አዳራሹ ውስጥ ታሪኩን የራሷ አድርጋ እስክታወራው ጠበቅኩ። እንዲያውም ተመኘሁ፤ ተነስቼ ላሳፍራት።

"ይህን መጀመሪያ ያሳየችኝ መምህራችሁ ናት" አለች። "ተነሺ እንጂ፣ የት ተደበቅሽ?"

ተነሳሁ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡልኝ። የምይዝባትን ቂም እንኳ አላስቀረችልኝም።

ንግግሩ ሲያልቅ በር ላይ አቅፋኝ "ግን ለምን ተውሽው?" አለችኝ።

"እናቴ ገርፋኝ ነዋ።"

"እናትሽ? በማግስቱ አይደል እንዴ ሌላ ቁልፍ የሰጡን? 'ከቤት ራቅ ብላችሁ ተጫወቱ' ብለው። እኔ ሳፈነዳው አንቺ ጆሮሽን ይዘሽ ሱቅ ገባሽ።"

ልክ ናት። ያን ሁለተኛ ቁልፍ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ታሪኩን ድገሚልን አሉኝ። ክብሪቱን፣ ምስማሩን፣ የተሰነጠቀውን ቁልፍ ነገርኳቸው። ማብቂያውን በቃላቸው ስለሚያውቁት አንዷ ቀድማኝ "እናቴ" ብላ ጀመረችልኝ።

"አይደለም" አልኳት። "ፈርቼ ነው።"