ከኮምቦልቻ እስከ ሰመራ በሰማይ

ባለፈው ጁምዓ ከሰዓት፣ ለሥራ ሰመራ ልትሄድ የተነሳችው ልጄ ራህማ ከሚሴ ቤታችን በረንዳ ላይ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና፣ "እማዬ፣ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሰመራው እኮ በሰማይ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም! ግን ቀጥታ በረራ የለም፤ በአዲስ አበባ ዞረሽ ነው" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስንት ዘመን የሸፈንኩት ነገር ተገለጠብኝ።

ታላቅ እኅቴ ዘይነባ እንደ እናትም ነበረች። እናታችን ገበያ ስትውል ጸጉሬን የምትሠራኝ፣ ቦርከና ወንዝ አውርዳ የምታጥበኝ፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ሲያሽት እሸቱን ጠብሳ፣ አመዱን እፍ ብላ አራግፋ፣ ትልቁን ለራሷ አስቀርታ ትንሹን የምትሰጠኝ እሷ ነበረች። ወደ ኮምቦልቻ የሚያልፍ አውሮፕላን ስንሰማ አገዳው መሃል በጀርባችን እንጋደማለን፤ አንድ ቀን እንደምትሳፈርበት፣ እኔን ግን መኪና እንኳ ስለሚያስታውከኝ እንደማትወስደኝ እየነገረች ታስለቅሰኛለች።

የባቲ ነጋዴ አገባትና አፋር ቆላ፣ ዛሬ ሰመራ ካለችበት አጠገብ፣ ሎጊያ ወሰዳት። በዓመቱ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በራችን ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ "ዘይነባ ምጥ ጠንቶባታል፤ እናቷን ትጠራለች" አለን። እናቴ ሻሿን እንኳ ሳታስር ወጣች፤ አባቴና እኔም ተከተልናት።

እስከ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ ደረስን። ከዚያ መኪና ጠፋ፤ በስንት ልመና የተገኘውም ዳገቱ ላይ ጎማው ፈነዳ። ባቲ ስንገባ የገበያ ዋዜማ ሆኖ ግመሉ መንገዱን ሞልቶታል፤ ወደ ቆላ የሚወርድ አጥተን እዚያው አደርን። በማግስቱ በቆሎ የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረን፣ ወላፈኑ ፊታችንን እየገረፈን ስንወርድ፣ እናቴ መቁጠሪያ ሙሰበሃዋን ጨብጣ አባቴን ደጋግማ "ዮም ጌኛ?" ትለዋለች፤ መቼ ነው የምንደርሰው ማለቷ ነው። እሱም በየኮረብታው "ኢንሻአላህ፣ ከዚህ ማዶ ነው" እያለ ይዋሻታል።

የዘይነባ ባል ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ትናንት ከአሱር ሶላት በፊት ቀበርናት" አለ። "ልጁም አልተረፈም።"

"ፊቷን እንኳ ሳላይ? ትንሽ ብትጠብቁኝ ምን ነበረበት?" አለችው እናቴ።

"ሬሳ አይቆይም እማማ። በዚህ ሙቀት እንዴት ላቆያት? በአላህ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

እናቴ ሄዳ አዲሱ አፈር ላይ ጉንጯን አስደግፋ ተኛች፤ አባቴ ሊያነሳት ሲጎነበስ በእጇ ገፋችው።

ያኔ ሰመራ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ አልነበረም፤ ቢኖርም ለእኛ ቢጤ አይሆንም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን እናቴ እስክትሞት ድረስ "ሩቅ አገር ሆኖብን ነው" እያለች ነው የተጽናናችው፤ እኔም በዚያው ቃል ነው የኖርኩት። ለካ እኅቴ የሞተችው እዚሁ አጠገባችን ነበር።

ከዓመታት በኋላ መቃብሯን ልዘይር ብወርድ፣ ከተማው ተስፋፍቶ፣ ቦታውን የሚያሳየኝ ሰው አጣሁ። ባሏ ሞቷል። እናትና አባቴም የሉም። ፎቶ ተነስታ አታውቅም። መልኳን የምጠይቀው ሰው በምድር ላይ አልቀረልኝም፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልጋት የሚመጣልኝ፣ በሠርጓ ቀን መኪናው ላይ ስትወጣ ያየሁት ጀርባዋ ብቻ ነው።