ቀማሿ ያልጨረሰችው መጽሐፍ

ልጆቹ «ቀማሿ» ይሏታል። የቤተ መጻሕፍታችንን የሕጻናት ንባብ ክፍል የምትይዘው እሷ ናት፤ አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ እሷ ሳታነበው በማንም ልጅ እጅ አይገባም። እኔ ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ለመጻሕፍቱ ሽፋን አለብሳለሁ፣ የተቀደደ ገጽ እለጥፋለሁ። አስራ አራት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ገጽ እንኳ ስትዘል አይቼ አላውቅም። የምታነበው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

«ድምፅ ሳላወጣ ካነበብኩት የሚያሰለቸው ቦታ ያመልጠኛል» ትላለች።

ስትጨርስ በቁራጭ ወረቀት ላይ መጽሐፉ ለማን እንደሚሆን ጽፋ ሽፋኑ ውስጥ ትሰካለች። «ጨለማ ለሚፈራ።» «ከወንድሟ ጋር ለተኳረፈች፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ።» አንዴማ «ማንበብ ለሚጠላ አባት» ብላ ጽፋ ነበር። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከአዲሶቹ አስራ ሁለቱን መርጣ ዝርዝራቸውን በሩ ላይ ትለጥፋለች፤ ስድስቱ ለትንንሾቹ፣ ስድስቱ ከአስር እስከ አስራ ሦስት ዓመት ላሉት። ወላጆች በሩ ላይ ቆመው ይገለብጡታል።

ባለፈው ጊዜ መጻሕፍቱ ሁለት ሳምንት ዘግይተው መጡ። ሥራ አስኪያጁ ግን ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት መለጠፍ አለበት አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስራ አንዱ አልቀው አንድ ቀራት፤ ሰማያዊ ሽፋኑ ላይ ጀልባ የተሣለበት። ታሪኩ እናቷ ስለታመመችባት ልጅ ነው፤ ልጅቱ በየቀኑ ጀልባ እየቀዘፈች ከወንዙ ማዶ መድኃኒት ታመጣለች። ቀማሿ ከግማሽ በላይ ሄዳለች። እኔ የሽፋኑን ፕላስቲክ ቆርጬ፣ መቀሱን እንደያዝኩ አጠገቧ ቆምኩ።

«ምን ቀረሽ እንግዲህ? እኔም እኮ ቤት አለኝ።»

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«እናትየው የት ደረሰች?»

«ቀና ብላ ተቀምጣለች። የልጅቱን ፀጉር እያበጠረች ነው።»

«ተሻላት ማለት ነዋ። በይ አምጪው።»

ትንሽ አመነታች። ከዚያ ወረቀቱ ላይ «እናቷ ለታመመችባት» ብላ ጻፈችና ሰጠችኝ። ያጣደፍኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ሰኞ መጽሐፉን የሰፈራችን ሰዓት ሠሪ ልጅ ወሰደችው። አስራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ሆስፒታል ተኝታ፣ ረቡዕ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ልትገባ ተቀጥራ ነበር። ቀማሿ መጽሐፉን መርጣ በሁለት እጇ ነው ያቀበለቻት።

የመጣልን ሁለት ቅጂ ስለነበር፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን አንስታ ካቆመችበት ቀጠለች። እኔ ሙጫ እየቀባሁ ድምፅዋን እሰማለሁ። ድንገት ዝም ስትል ቀና አልኩ።

«ሞተች» አለች።

«ማን?»

«እናትየው። ገጽ መቶ አርባ አራት ላይ።»

ሙጫው ጣቴ ላይ ደረቀ። የሰዓት ሠሪው ልጅ ይህን የምታነበው እናቷ በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ልትገባ፣ ያውም ቀማሿ «ላንቺ የሚሆን» ብላ ከሰጠቻት መጽሐፍ ላይ ነው።

«እሷ በሰዓት አርባ ገጽ ታነባለች» አለች ቀማሿ ቦርሳዋን እየፈለገች። የእያንዳንዱን ልጅ ፍጥነት ታውቃለች። «ትናንት ጀምራለች። ዛሬ ትምህርት ቤት ነበረች። ምናልባት እንደርስ ይሆናል።»

ከመደርደሪያው ስለ አንድ ጫማ ሰፊ ጦጣ የሚያወራ አስቂኝ መጽሐፍ መዘዘች። በሥራ ሰዓት የክፍሉን በር ስትቆልፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሱቁ ስንደርስ ሰዓት ሠሪው ማጉያውን አንድ ዓይኑ ላይ እንደያዘ ቀና አለ። ልጁ የለችም።

«እናቷ ጋ ሄደች። ምነው፣ መጽሐፍ ቀደደች እንዴ?»

«ኧረ አልቀደደችም» አለች ቀማሿ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ የተለያየ ነገር ይላሉ። «የትኛው ነው ትክክሉ?»

«ግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ በሽተኛ ነው። የሚታመነው እጄ ላይ ያለው ነው፤ ዘጠኝ ተኩል።» ከዚያ ፈገግ አለ። «እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ከትናንት ጀምሮ ከመጽሐፉ ቀና አላለችም። ሐሳቧን ወሰደላት።»

ቀማሿ ወዲያው ወጣች። መንገድ ላይ ስትራመድ ልደርስባት አልቻልኩም።

የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩን በግማሽ ከፍቶ ቆሟል።

«ጠያቂ የሚገባው አስር ሰዓት ነው።»

«አንዲት ልጅ ገብታለች» አልኩት።

«እሷማ ቤተኛ ናት። እናንተን ግን አላውቃችሁም። ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«መጽሐፍ ልንቀበላት።»

«ሰው ታሞ እናንተ መጽሐፍ» አለና ፊቱን አዞረ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ቀማሿ ሁለተኛውን ቅጂ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ የቀሩትን ገጾች እዚያው ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጨረሰች።

አስር ሰዓት ላይ ስንገባ ልጅቱ የሴቶች መኝታ ክፍል በር ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። መጽሐፉ ጭኗ ላይ ተከፍቷል። በስተቀኝ የቀረው ገጽ በጣም ቀጭን ነው። ፊቷን አየሁት፤ ያለቀሰ ፊት አይደለም።

«ስንት ገጽ ደረስሽ?» አለች ቀማሿ።

«መቶ ሠላሳ ስምንት።»

«እስኪ ስጪኝ። ሌላ አምጥቼልሻለሁ።»

ልጅቱ የጦጣውን ሽፋን አየችው። «ይሄ የትንንሾቹ ነው። ደግሞ ልጨርስ ነው እኮ። ለምን ይወስዱብኛል?»

ቀማሿ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስሰጥሽ ጨርሼ አላነበብኩትም ነበር። የጨረስኩት ዛሬ ነው።»

«እርስዎ? ሳይጨርሱ?»

«ሳልጨርስ።»

ልጅቱ መጽሐፉን ዘጋችው፤ ጣቷን ግን ከገጹ መሐል አላወጣችም። ወደ መኝታ ክፍሉ በር አየች።

«ትሞታለች?»

ውሸት እንድትናገር በልቤ ለመንኳት።

«አዎ» አለች ቀማሿ።

ነርስ ጋሪ እየገፋች አለፈች። ልጅቱ ጋሪው እስኪርቅ ጠበቀች።

«ከሞተች በኋላ ስንት ገጽ አለው?»

«አስራ አንድ።»

«በአስራ አንዱ ገጽ ልጅቱ ምን ታደርጋለች?»

«መጀመሪያ ምንም አታደርግም። ጀልባዋን አስራ ትቀመጣለች። ከዚያ አክስቷ ትመጣለች፤ አብረው ይኖራሉ። መጨረሻ ላይ ጎረቤት ሲታመም መድኃኒቱን የምታመጣው እሷ ናት።»

«የኔ አክስት ሩቅ ናት» አለች ልጅቱ። ጣቷን አወጣችና መጽሐፉን ሰጠቻት። «ዛሬ አላነበውም። የእርስዎንም ጦጣ አልፈልግም።» ተነስታ እናቷ ጋ ገባች።

የልጅቱ እናት በማግስቱ ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጣች፤ የሰማነው ከሰዓት ሠሪው ነው። ቀማሿ ዝርዝሩ ላይ የጀልባውን መጽሐፍ ሰረዘችና «ይህንን ጨርሼ ሳላነብ መርጬዋለሁ፤ ይቅርታ» ብላ ከሥሩ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ መሥሪያ ቤቱን አዋረድሽው ብሎ ተቆጣት፤ እሷ ግን አልፋቀችውም። ልጅቱ ለአንድ ወር ብቅ አላለችም። ቀማሿ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች።

አንድ ቅዳሜ መጣች። ሰላም አላለችንም። ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣችና ቀማሿ ፊት አስቀመጠችው።

«ጨርሰውታል?»

«ጨርሼዋለሁ።»

«የመጨረሻው ገጽ ላይ ምን አለ?»

ቀማሿ ከወንበሯ ተነስታ፣ እንደ ተማሪ እጇን አጣምራ ነገረቻት። ልጅቱ ገልጣ አመሳከረችና መጽሐፉን ይዛ ሄደች። አሁን ልጆቹ ሁሉ እንደዚያው ይጠይቋታል፤ የሰባት ዓመቶቹ ሳይቀሩ። እኔም ሽፋን ከማልበሴ በፊት እጠይቃታለሁ።