ያለውን አልቆጥርልሽም

ሁለተኛ ዲግሪ የጀመርኩት ለእውቀት ብዬ አይደለም። ለእውቀት ብዬ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አላምናቸውም። ለውጡ የመጣ ሰሞን ውጫሌ ያለው መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። ጠዋት ስለ ፍቅርና ይቅርታ፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ምደባ። ፍቅሩ ቶሎ አለቀ፣ ምደባው ቀረ። ቡድን መሪ ለመሆን ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል ተባለ፤ ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ እየተሯሯጡ ተመዘገቡ። እኔ ደግሞ ቀናተኛ ነኝ። ተመዘገብኩ።

ሥራዬ የእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአምባሰል ቀበሌዎች እየዞርኩ የላም ጡት ሳይ፣ ስለ መኖ ስጨቃጨቅ እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደሴ እማራለሁ። ቤቴ ሐይቅ ከተማ ነው፣ ከእናቴ ጋር። ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባሱ ውስጥ በሽንኩርት ኩንታልና በጫት እስር መሀል ተጨናንቄ ስለ ምርምር ዘዴ የተጻፈውን ጥራዝ አነባለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ «እህቴ፣ ዱአ ነው?» አለችኝ። «እንደዚያው ነው» አልኳት። «አሚን» አለች።

ሰኞ ሰኞ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ኃላፊያችን «ተዋት፣ ዲግሪዋ ነው የተኛው» እያለ ሰውን ያስቅብኛል። እኔም ለማስመሰል እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይነድ ነበር። እሑድ ማታ ደክሞኝ ስመለስ ደግሞ እናቴ እራቴን አቅርባ፣ «ይሄ ትምህርት የማያልቀው ምን ቢሆን ነው?» ትለኛለች።

የመመረቂያ ጽሑፌ ቀላል ይሆናል ብዬ የመረጥኩት ነበር፤ ገበሬው ያለው ከብት ብዛትና ኑሮው። ከብቱን አውቀዋለሁ፣ ገበሬውንም አውቀዋለሁ። አማካሪዬ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ነው። ደግ ነው፤ ግን ቁጥር ይወዳል።

ችግሩ የእኛ አገር ሰው ያለውን የማይቆጥር መሆኑ ነው። እግዜር የሰጠው፣ አላህ የሰጠው አይቆጠርም። ቆጥሮ መናገር ዓይን መጥራት ነው፤ ሰጪውንም መዳፈር ነው። እርግጥ የግብር ፍርሃትም አለበት፣ አልዋሽም። ስንት ላም አላችሁ ስላቸው እስላሙ «አልሐምዱሊላህ» ይለኛል፣ ክርስቲያኑ «ተመስገን» ይለኛል፣ ከዚያ ወዲያ አፋቸው ይዘጋል። እናቴም እንዲሁ ናት። ጤና ጣቢያ ስንት ልጅ ወለድሽ ብለው ሲያስጨንቋት የምቆጥርላት እኔ ነኝ፤ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ይህን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ይህን ርዕስ የመረጥኩት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ከውጫሌ ከፍ ብሎ ተረተሩ ላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሥራ ብዙ ዓመት አውቃቸዋለሁ። ላማቸው ስታምጥ አብሬያቸው በረት ውስጥ አድሬያለሁ። እሳቸው ቁጥር ካልነገሩኝ ማንም አይነግረኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ አንድ ዘዴ አሰብኩ።

«አባባ፣ እስቲ ስለ በሬዎቹ አጫውቱኝ» አልኳቸው። «ስማቸው ማን ማን ነው?»

«አንዱ ዳልቻ ነው» አሉኝ ፊታቸው በርቶ። «ዳልቻ ወላሂ ሰው ነው፤ አፍ ብቻ ነው የጎደለው።»

«ሌላውስ?»

«ሌላውም ደህና ነው።»

«ስሙስ?»

ትንሽ አዩኝና ሳቁ። «አንች ልጅ! በፊት ለፊት ብትከለከይ በጓሮ ዞረሽ ልትገቢ ነው?»

ባለቤታቸውም ከጓዳ ሆነው ሳቁብኝ፤ አሬራም ሰጡኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው፣ «አላህ ትምህርትሽን ይግለጥልሽ፤ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ» ብለው መረቁኝ። ዱአውን በሁለት እጄ እየተቀበልኩ አሚን አሚን አልኩ። «ዱአውን ወስደሻል» አሉኝ ሲጨርሱ፣ «ቁጥሩን ግን አልሰጥሽም።» ከወንዶች ልጆቻቸው አንዱ፣ ረጅሙ፣ ውሻ እንዳያስደነግጠኝ ዱላውን ይዞ እስከ መኪና መንገዱ ሸኘኝ። እሱም ስለ ከብቶቹ ትንፍሽ አላለም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቋረጡን ነገረኝና አሁን ቢመለስ ያሳፍረው እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔን እየኝ አልኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ ቦርሳ አንግቤ የምሄደውን። ሳቀ።

አማካሪዬ የመጀመሪያውን ረቂቅ በቀይ አበለሻሽቶ መለሰልኝ። ዳር ላይ «አልሐምዱሊላህ ቁጥር አይደለም» ብሎ ጽፏል። ልክ ነው፣ አይደለም። በንዴት አለቀስኩ፣ ከዚያ እንደገና ጀመርኩ።

መሀል ላይ ዓለሙን ሁሉ ቤት ያስቀመጠው በሽታ መጣና ትምህርቱ ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ ጦርነቱ በሰሜን ተጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሩቅ ነው አልን። ኋላ ግን ከላይ የተፈናቀሉ ሰዎች ሐይቅ ገብተው ትምህርት ቤቶቹን ሞሉ፤ እናቴና ጎረቤቶቿ በየተራ ወጥ ሠርተው ይወስዱ ጀመር። እኔ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እሄዳለሁ። አስተማሪው ስለ ናሙና አወጣጥ ያስረዳል፤ ተማሪው ግማሹ ጠረጴዛው ሥር ስልኩን ያያል፣ ከወልዲያ ወዲያ ዘመድ ያለው ሁሉ ይደውላል፣ አይነሳም። ፈርተን ነበር፤ ፈርተንም ደብተር እንይዛለን። ሌላ ምን እንደሚደረግ አናውቅም።

አንድ ቀን ውጫሌ ባዶ ሆነች ተባለ። እናቴ «እስጢፋኖስን ትቼ የትም አልሄድም» ብላ ወገቧን ይዛ ቆመች። «እስጢፋኖስ ይጠብቅሻል፣ እኔን ግን የሚጠብቀኝ የለም» ብዬ ጎተትኳት። በእግር፣ ኋላም በአይሱዙ ላይ ተጭነን ወደ ደቡብ ሸሸን፤ ሰው ቤት፣ ሰው እጅ እያየን ከረምን። እዚያ ሆኜ ስለ ዲግሪው አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስብ ነበር፣ በማሰቤም አፍር ነበር።

ስንመለስ የመሥሪያ ቤቱ በር ተገንጥሏል፤ ኮምፒውተሩ የለም። እነዚያን ሁሉ ቤት እየዞርኩ የሞላኋቸው መጠይቆች ግቢው ውስጥ ከጭድና ከጭቃ ጋር ተለውሰዋል፤ የቀሩት ለእሳት ማቀጣጠያ ሆነዋል። አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። እሱም ሸሽቶ ነበር የከረመው። «እንኳን ተረፍሽ» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«እየውልሽ፣ በአንድ በኩል ይሄ ዕድል ነው» አለኝ። «ርዕሱን እንቀይረው። በጦርነቱ የጠፋ ሀብት። የነበረ፣ የጠፋ፣ የቀረ። ያንኑ ሰው ተመልሰሽ ጠይቂ።»

ዕድል የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ተሳደብኩ። ግን ደግሞ ምዝገባዬ ከዚያ ሴሚስተር ካለፈ ይሰረዛል፤ የዚያ ሁሉ ቅዳሜ ልፋት መና ይቀራል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቤት ወረቀት ይዞ መግባት ነውር ነው፣ አውቃለሁ። አዲስ መጠይቅ አባዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ላዩን በነጠላ ሸፈንኩት።

ተረተሩን ስወጣ መንገድ ላይ ያገኘኋት ሴት የሽማግሌው ረጅሙ ልጅ መሞቱን ነገረችኝ። ከብቶቹን ሊያሸሽ ወጥቶ ነው አለች። ግቢው ስደርስ የእበት ሽታ የለም። ዕድሜ ልኬን ከብት መሀል የዋልኩ ነኝና ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነው ያወቀው። ሽማግሌው ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ለቅሶ ደረስኩ፣ አላህ ያጥናችሁ አልኩ። እኔ ሳለቅስ የሚያጽናኑኝ እሳቸው ሆኑ፤ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይሉኛል።

ቆይተው «ወረቀትሽን ይዘሻል?» አሉኝ።

«ዛሬ ለእሱ አልመጣሁም።»

«ይዘሻል። አውጪው።»

አወጣሁ። ጣቶቻቸውን እያጠፉ ጀመሩ። «ዳልቻን ጻፊ። ቡሬን ጻፊ። ላም ሦስት፣ አንዷ የደረሰች ነበረች። ፍየል አሥራ አንድ። በግ ዘጠኝ። አህያዋን ጻፊ፤ እሷ እንኳ አርጅታ ነበር፣ ምን እንዳደረጓት እንጃ።» ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ «ወንድ ልጅ፣ አንድ» አሉ።

ጻፍኩት። የቤተሰብ አባል የሚል መስመር ነበረው፤ እዚያ ላይ አንድ ብዬ ጻፍኩ። እጄ የለመደው ሥራ ነውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄድኩ። «የቀረውስ አባባ?»

ጣታቸውን ሰበሰቡ። «የቀረውን አልቆጥርልሽም» አሉኝ። «የሄደውን ከእንግዲህ ማንም አይወስድብኝም፤ እንደፈለግሽ ጻፊው። ለቀረው ግን አሁንም እፈራለሁ።»

ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሆነው ይኸው ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም የሄደበትን አንድ በአንድ፣ በቀለሙ፣ በቀንዱ፣ በስንተኛ ወሊድ ላይ እንደነበረ ጭምር ቆጠረልኝ። ያለውን ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። ሠንጠረዡን ስሠራው የጠፋ የሚለው ዓምድ ጢም ብሎ ሞላ፤ የቀረ የሚለው ግን ባዶውን ቀረ። አማካሪዬ አየውና «ይሁን፣ ምክንያቱን በአንድ አንቀጽ አስረጂ» አለኝ። አስረዳሁ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የተሻለው ያ አንቀጽ ነው።

ጽሑፉን ባቀረብኩበት ቀን ከውጭ የመጡት ፈታኝ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ዶክተር ነበሩ። ጽሑፉን በደንብ አንብበውታል፤ ብዙ ቦታ ላይም አሞገሱኝ። ከዚያ ሠንጠረዡን ከፈቱ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ያላቸውን አያውቁም፤ ያጡትን ግን እስከ መጨረሻዋ ፍየል ያውቃሉ። ይህ ምን ይነግረናል? እርዳታ ይመጣል ብለው አጋንነውታል። በድክመቶች ክፍል ውስጥ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፤ ሌላው ደህና ነው።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ለስንዴ ብሎ የሚያጋንን ሰው መኖሩን እኔም አውቃለሁ፤ ቢሮ ተቀምጬ ስንቱን ሰምቻለሁ። ግን ደሜ ፈላ። «ዶክተር፣ ያላቸውን ቆጥረው ቢነግሩኝ ነበር የምጠረጥራቸው» አልኩ። አንቀጹን አንብቡት አልኩ። አንብቤዋለሁ፣ ባህላዊ ማብራሪያ ነው፣ ማስረጃ አይሆንም አሉኝ። ያኔ ነው ንዴቴን ልቆጣጠረው ያልቻልኩት። «ሠንጠረዡ ውስጥ የሞቱ ልጆችም አሉ። ዓረፍተ ነገሩ እነሱንም ይጨምራል?» አልኳቸው። ድምፄ ወጥቶ ነበር። አማካሪዬ አንገቱን ደፋ፤ ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። በለሰለሰ ድምፅ፣ «የመላሹ ቃል ሁሉ የመላሹ ቃል ነው፤ እየመረጥን አናምንም» አሉኝ።

አልፈሻል ተባልኩ፤ ማስተካከያውን ጨምሬ ካስገባሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። ሰው በኮሪደሩ እየሳመ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

እስካሁን አላስገባሁትም። ከእኔ በኋላ የተቀጠረችው ልጅ ቡድን መሪዬ ሆናለች፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ በአክብሮት ነው የምታዝዘኝ። አማካሪዬ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፣ አሁን ተወኝ። እናቴ «አንድ መስመር ነው፤ ጽፈሽ ተገላገይ» ትለኛለች። «ማን ያነበዋል? እዚያ ተራራ ላይ ማን ይሰማዋል?» እውነቷን ነው፣ ማንም አይሰማውም። ዲግሪውን እፈልገዋለሁ፤ ዛሬም እፈልገዋለሁ፣ ያለ እሱ የተቀመጥኩበት ወንበር ይቆረቁረኛል።

አንዳንድ ቀን ፋይሉን ከፍቼ እጽፈዋለሁ። «መላሾቹ እርዳታ በመጠበቅ የደረሰባቸውን ጉዳት አጋንነው ሊሆን ይችላል።» ጨዋ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሊሆን ይችላል ነው የሚለው፣ ማንንም አይከስም። ከዚያ ዓይኔ ወደ ሠንጠረዡ ይሄዳል፣ የጻፍኩትን አጠፋዋለሁ። ምነው እውነት ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ምነው ሽማግሌው ዋሽተውኝ ቢሆን፣ ያ ልጅ ለአንድ ጆንያ ስንዴ ሲባል የተጨመረ ቁጥር ቢሆን ኖሮ፤ ዓረፍተ ነገሩን በደስታ እጽፈው ነበር።